ቂም ከየት ይጀምራል?
ከብሔረ ኦሪት የአምስት ሳምንት ንባብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

ወደ ትምህርታችን ከመግባታችን በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ዛሬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመጡ በመንገድ ያገኛችሁትን ጓደኛ ወይም ጎረቤት ሰላም ሳትሉ ያለፋችሁ አላችሁ? እጃችሁን አታውጡ፤ በልባችሁ ብቻ መልሱ። «አዎን፥ እኔ አለሁበት» የምትሉ ከሆነ ይህ ትምህርት ለእናንተ ተጽፏል። «እኔስ የለሁበትም» የምትሉም ብትሆኑ አንብቡት፤ አንድ ቀን ያስፈልጋችኋል።

ኦሪትን ለምን እናነባለን?

ኦሪት ማለት ሕግ፥ ትምህርት ማለት ነው። የሙሴ አምስቱ መጻሕፍት ዘፍጥረት፥ ዘጸአት፥ ዘሌዋውያን፥ ዘኍልቍና ዘዳግም ናቸው። አይሁድ እነዚህን መጻሕፍት በየሳምንቱ ከፋፍለው በየሰንበቱ በምኵራብ ያነባሉ፤ ዓመት ሲሞላም ፈጽመው እንደገና ከዘፍጥረት ይጀምራሉ። ይህ ልማድ የቆየ ለመሆኑ የሐዋርያት ሥራ ይመሰክራል (ሐዋ. 15፥21)። በእኛ ቤተ ክርስቲያን በቅዳሴ ጊዜ የሚነበበው በግጻዌ የታዘዘው የጳውሎስ መልእክት፥ የሌሎቹ ሐዋርያት መልእክትና የሐዋርያት ሥራ ነው፤ ከዚያም ምስባኩ ተሰብኮ ወንጌል ይነበባል። ኦሪትና ነቢያት ደግሞ በተለይ በሰሙነ ሕማማት በየሰዓቱ ሲነበቡ ትሰማላችሁ።

ብዙ ልጆች ኦሪት ሲባል «አድርግ፥ አታድርግ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ይመስላቸዋል። ትእዛዙ አለ። ነገር ግን ኦሪት ሰው ለምን እንደሚቀና፥ ለምን እንደሚያኰርፍ፥ በድሎም ለምን እንቅልፍ እንደሚያጣ ጭምር ይነግረናል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ለአምስት ሳምንት በየሳምንቱ አንድ ንባብ እናነባለን። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ቂም ከየት ይጀምራል? በየትስ ይቆማል?

የመጀመሪያው ሳምንት፦ የጠቆረ ፊት
ንባብ፦ ዘፍ. 4፥1–16

የቃየልንና የአቤልን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ቃየል አራሽ፥ አቤል በግ ጠባቂ ነበረ። ሁለቱም ለእግዚአብሔር መሥዋዕት አቀረቡ። የአቤል ተወደደለት፤ የቃየል ግን አልተወደደለትም። «ከዚያስ ቃየል ምን አደረገ?» ብዬ ብጠይቃችሁ «ወንድሙን ገደለ» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ግን ቸኰላችሁ። መጽሐፉን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ከመግደሉ በፊት የተጻፉ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፥ ቃየል እጅግ ተቈጣ። ሁለተኛ፥ ፊቱ ጠቆረ። ሦስተኛ፥ እግዚአብሔር ራሱ የቍጣውንና የፊቱን መጥቆር ምክንያት ጠየቀው። ልብን የሚያውቅ አምላክ ለምን ጠየቀው? ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ቃየል የልቡን ነገር አውጥቶ እንዲናገር ዕድል ሲሰጠው ነው እንጂ። ቀጥሎም ኀጢአት በደጁ እያደባች መሆኗን፥ እርሱ ግን ሊገዛት እንደሚገባው አስጠነቀቀው። በደጋችን ጅብ በሌሊት በበጎች በረት ደጃፍ ሲያደባ ታውቃላችሁ። ጅቡ በደጅ ሳለ በጎቹ ደኅና ናቸው። አደጋው በሩ የተከፈተለት እንደ ሆነ ነው።

አሁን ልብ በሉ፤ ቃየል ለዚያ ጥያቄ የሰጠው መልስ አልተጻፈም። «ቀናሁ፤ የወንድሜ መወደድ አቃጠለኝ» ብሎ ለእግዚአብሔር አልተናገረም። ያንን ቃል ለአምላኩ ቢናገረው ኖሮ ምናልባት ቀለል ይለው ነበር። እርሱ ግን ዝም ብሎ ወንድሙን ወደ ሜዳ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ጥያቄ መጣ፦ ወንድሙ የት እንዳለ ተጠየቀ። ለዚህኛው የሰጠው መልስ ውሸት ነበረ። የመጀመሪያውን ጥያቄ በጊዜው ያልመለሰ ሰው ለሁለተኛው እውነት ለመናገር ድፍረት አጣ።

የሥነ ልቡና ምሁራንም ሰው በውስጡ ያለውን ስሜት በስሙ ሲጠራው ስሜቱን ለመግዛት እንደሚቀለው ያስተምራሉ። «ተናድጃለሁ» ከማለት ይልቅ «ቀንቻለሁ» ወይም «አፍሬአለሁ» ማለት ይከብዳል፤ የሚጠቅመው ግን እርሱ ነው።

የሳምንቱ ሥራ፦ በዚህ ሳምንት ፊታችሁ ሲጠቁር ብቻችሁን ቁሙና «ለምን?» ተብላችሁ እንደ ተጠየቃችሁ ቍጠሩት። መልሱን በጸሎት ለእግዚአብሔር ንገሩት። ከከበዳችሁ ለእናታችሁ ወይም ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ።

ሁለተኛው ሳምንት፦ የእረኞች ጠብ
ንባብ፦ ዘፍ. 13፥1–18

አብራምና የወንድሙ ልጅ ሎጥ ከብትና በግ በዝቶላቸው አብረው ለመኖር ምድሪቱ ጠበበቻቸው። በዚህ ጊዜ የተጣላው ማን ነበር? አብራም አልተጣላም፤ ሎጥም አልተጣላም። የተጣሉት እረኞቻቸው ነበሩ። አብራም ግን «የልጆች ነገር ነው» ብሎ አልናቀውም። የእረኞቹ ጠብ ነገ የጌቶቹ ጠብ እንደሚሆን ተረዳ። ስለዚህ ሎጥን ጠርቶ ወንድማማች ስለ ሆኑ በመካከላቸው ጠብ እንዳይኖር ለመነው። ታላቁ እርሱ ሲሆን የመምረጥን መብት ለታናሹ ሰጠ። ሎጥ ውኃ የጠገበውን የዮርዳኖስን ሜዳ መረጠ፤ አብራም በቀረው ተቀመጠ።

እናንተ የመንዝ፥ የግሼና የመርሐ ቤቴ ልጆች ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ልታውቁት ይገባል፤ ብዙዎቻችሁ እረኞች ናችሁና። አንድ ግልገል ከጎረቤት ገብስ ገባች እንበል። እረኛው እረኛውን ይሰድባል፤ የተሰደበው ድንጋይ ያነሣል። ማታ ሁለቱም ለየአባታቸው ይናገራሉ፤ ሁለቱም ግማሹን ብቻ ይናገራሉ። ጠዋት አባቶች በአጥር ላይ ይነጋገራሉ። ከዚያ የድንበር ድንጋዩ ይነሣል፤ የቆየው የርስት ነገር ይነሣል። በደጋችን ከእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ተነሥቶ ነፍስ የጠፋበት፥ ደም መመላለስ የመጣበት ጊዜ እንደ ነበረ ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ ልትረዱ ትችላላችሁ። ያን ሁሉ ለማብረድ ስንት ሽምግልና፥ ስንት ካሣ፥ ስንት ዕንባ ያስፈልጋል! ግልገሏ በገባችበት ሰዓት ግን አንድ ቃል ይበቃ ነበር፦ «ይቅርታ፥ ሳላያት ገባችብህ።»

አባቶቻችን ጠብ ሳይመጣ አስቀድሞ ሥርዓት መሥራትን ያውቁ ነበር። ለዚህ የመንዝ ጓሳ ምስክር ነው። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቀዝቃዛ ምድር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። የጓሳው ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ያገለግላል፤ ምድሩም በችግር ጊዜ የከብት መጠጊያ ነው። ሁሉም እንደ ፈለገ ቢገባበት ኖሮ ሣሩ ባለቀ፥ ሕዝቡም በተፋጀ ነበር። ስለዚህ የአገሩ ሰዎች ከብዙ ትውልድ ጀምሮ ሕግ አበጁለት። ሣሩ እስኪያገግም ለዓመታት ይዘጋል፤ በተስማሙበት ጊዜ ይከፈታል፤ ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ከወጣ በኋላ ያ የቀድሞ ሥርዓት ቢፈርስም፥ ሕዝቡ በኋላ ተሰብስቦ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቁሞታል። ይህ የአብራም ጥበብ ነው፤ ልብ ሳይቈስል ነገርን ማስተካከል።

አብራም በመስጠቱ ምን ጐደለበት? ምንም። ሎጥ ከሄደ በኋላ እግዚአብሔር ምድሪቱን ለእርሱና ለዘሩ እንደሚሰጥ ተስፋ ሰጠው። በኋላም ሎጥ በጦርነት በተማረከ ጊዜ የደረሰለት ያው አብራም ነበር (ዘፍ. 14፥14–16)። ለምለሙን መርጦ የሄደውን ዘመዱን «የመረጥኸውን አግኝ» አላለውም። ቂም የሌለው ሰው በመከራ ጊዜ እግሩ ለመሮጥ ቀላል ነው።

የሳምንቱ ሥራ፦ ከጓደኛችሁ ጋር በአንድ ነገር ስትገፋፉ፥ በመሰማሪያ ይሁን በወንበር ወይም በመጽሐፍ፥ ምርጫውን አንድ ጊዜ ለእርሱ ስጡ። ማታ ለአባታችሁ ስትናገሩም የራሳችሁን ጥፋት ጭምር ተናገሩ።

ሦስተኛው ሳምንት፦ ሰላምታ የተነፈገው ወንድም
ንባብ፦ ዘፍ. 37፥1–36

ዮሴፍ የ17 ዓመት ልጅ ነበረ። ከወንድሞቹ ጋር በግ ይጠብቃል፤ የወንድሞቹንም ክፉ ወሬ ለአባቱ ያመጣል። አባቱ ያዕቆብ ከልጆቹ ሁሉ አብልጦ ይወደው ስለ ነበር ልዩ ያጌጠ ልብስ አሠራለት። አስቡት፤ በመንዝ የበግ ጠጕር እየተፈተለ ባና ይሠራል። አንድ አባት በብርዱ ወራት ለአንዱ ልጁ አዲስ ባና አልብሶ ሌሎቹን በአሮጌ ቢተዋቸው ቤቱ ምን ይሆናል?

ኦሪት የአባቶችን ጥፋት አይደብቅም። ያዕቆብ ራሱ በልጅነቱ እንዲህ ያለውን አድልዎ ያውቀዋል። ይስሐቅ ዔሳውን ይወድ ነበር፤ ርብቃ ያዕቆብን ትወድ ነበር (ዘፍ. 25፥28)። ከዚያም የተነሣ ያዕቆብ ከወንድሙ ሸሽቶ ተሰድዷል። ሆኖም ያ ሁሉ መከራ የደረሰበት ሰው በራሱ ቤት ያንኑ ደገመው። ሰው የተጐዳበትን ነገር ካላስተዋለው ለልጆቹ ያወርሰዋል። እናንተም ነገ አባትና እናት ትሆናላችሁና ይህን አትርሱ።

ወደ ወንድሞቹ እንመለስ። መጽሐፉ ጥላቻቸውን ከተናገረ በኋላ ወዲያው ምን ይላል? በሰላም ሊናገሩት እንዳልቻሉ ይነግረናል (ዘፍ. 37፥4)። ገና ጕድጓድ የለም፤ ገና ነጋዴ የለም፤ ገና ደም የለም። የመጀመሪያው ምልክት ሰላምታ መጥፋቱ ነው። እኛ «ማኵረፍ» የምንለው ይህ ነው። በአገራችን ሰው ሰውን ካገኘ የቤተ ሰቡን፥ የከብቱን፥ የእህሉን ደኅንነት ሳይጠይቅ አያልፍም። ሰላምታ ሲቀር ልብ ተዘግቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ ደግሞ ስሙ ጠፋ። ከሩቅ ባዩት ጊዜ «ዮሴፍ መጣ» አላሉም፤ በሕልሙ እያፌዙ ባለ ሕልም አሉት። የተነከረውን ልብስ ለአባታቸው ባሳዩ ጊዜም የወንድማችን ሳይሆን የልጅህ ልብስ እንደ ሆነ እይ ብለው ጠየቁት። ሰው ሊበድል ያሰበውን ሰው አስቀድሞ ስሙን ይነሣዋል፤ በቅጽል ስም፥ በስድብ ስም ይጠራዋል። በስሙ የምንጠራውን ወንድም መጐዳት ይከብደናልና።

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ኀጢአት በኀልዮ፥ በነቢብና በገቢር ይሠራል ይላሉ፤ በማሰብ፥ በመናገርና በማድረግ ማለት ነው። የዮሴፍ ወንድሞች በሦስቱም ደረጃ አለፉ። በልብ ጠሉ፤ በቃል አፌዙ፤ በእጅ ወደ ጕድጓድ ጣሉ። ከጣሉትም በኋላ እንጀራ ሊበሉ ተቀመጡ። በዚያች ሰዓት ልባቸው ምንም አልተሰማውም ነበርን? መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት ታገኙታላችሁ።

የሳምንቱ ሥራ፦ በስድብ ስም የምትጠሩትን ልጅ በክርስትና ስሙ ወይም ወላጆቹ ባወጡለት ስም ጥሩት። ያኰረፋችሁትንም ሰው «እንደምን አደርህ?» «እንደምን አደርሽ?» በሉት። ሌላ ነገር ባትጨምሩም ይህ ይበቃል።

አራተኛው ሳምንት፦ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ የተሰማ ልመና
ንባብ፦ ዘፍ. 42፥1–24፤ 44፥18–45፥15፤ 50፥15–21

ዓመቱን አብረን እንቍጠር። ዮሴፍ ሲሸጥ 17 ዓመቱ ነበር። በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመት ሆነው። ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አለፉ፥ ከረሀቡም ሁለት ዓመት አለፈ። እንግዲህ ራሱን ለወንድሞቹ ሲገልጥ 39 ዓመቱ ገደማ ነው፤ ከተሸጠ 22 ዓመት ሆኗል ማለት ነው።

ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ ግብፅ ወረዱ፤ ዮሴፍ ዐወቃቸው፤ እነርሱ ግን አላወቁትም። ሰላዮች ናችሁ ተብለው በታሰሩ ጊዜ እርስ በርሳቸው ስለ ወንድማቸው ተነጋገሩ። በተጨነቀና በለመናቸው ጊዜ እንዳልሰሙት፥ ስለዚህም ይህ መከራ እንደ መጣባቸው ተናዘዙ (ዘፍ. 42፥21)።

አሁን ምዕራፍ 37ን እንደገና ክፈቱና ፈልጉ። ዮሴፍ በጕድጓድ ሆኖ መለመኑ እዚያ ተጽፏልን? አልተጻፈም። በዚያ ቀን ልመናውን የሚሰማ ጆሮ አልነበረምና። ልመናውን የምናውቀው ከበዳዮቹ አፍ፥ ከ22 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ እንጀራ እየበሉ ሳለ የሰሙት ድምፅ ከልባቸው አልወጣም ነበር። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። ኦሪት ደግሞ ሌላውን ይጨምርልናል፦ የወጋም የረሳ ይመስለዋል እንጂ አይረሳም። ሕሊና ይጠብቀዋል።

ዮሴፍ ይህን ሰምቶ ዘወር ብሎ አለቀሰ። ነገር ግን ወዲያው ራሱን አልገለጠም። ለምን? ልባቸው ተለውጦ እንደ ሆነ ሊያይ ወደደ። ስለዚህ በዚያው በጥንቱ ፈተና አቆማቸው። አባታቸው የሚወደው ታናሽ ወንድማቸው ብንያም ባሪያ ሆኖ ሊቀር ሆነ፤ እነርሱ ግን በነጻ ሊሄዱ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ወደ ፊት የቀረበ ማን ነው? ይሁዳ ነው፤ ዮሴፍ እንዲሸጥ ያማከረው ያው ይሁዳ! በብንያም ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን ብሎ ለመነ። ልጆች፥ ንስሐ ማለት ይህ ነው። ንስሐ «ይቅር በለኝ» በማለት ብቻ አይፈጸምም። ያው ፈተና ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መገኘትን ይጠይቃል።

ከዚያ ዮሴፍ ሊታገሥ አልቻለም። ነገር ግን ከመናገሩ በፊት ያደረገውን ልብ በሉ፤ ግብፃውያንን ሁሉ ከፊቱ አስወጣ። ወንድሞቹ በባዕድ ፊት እንዲያፍሩ አልፈለገም። ይቅር የሚል ሰው የበደለኛውን ክብር ይጠብቃል። በአደባባይ እያዋረደ «ይቅር ብዬሃለሁ» የሚል ግን ገና አልታረቀም።

ታሪኩ እዚህ ያበቃል ብላችሁ ይሆናል። አላበቃም። ያዕቆብ በግብፅ 17 ዓመት ኖሮ ሞተ። ያን ጊዜ ወንድሞቹ ዮሴፍ አሁን ይበቀለናል ብለው ፈሩ። 17 ዓመት እየመገባቸው አብረው ሲኖሩ ይቅርታውን ገና አላመኑትም ነበር! ዮሴፍ ይህን በሰማ ጊዜ አለቀሰ፤ አልተቈጣም። ልባቸውን በሚያጽናና ቃል ተናገራቸው፤ እነርሱንና ልጆቻቸውን እንደሚመግብ አረጋገጠላቸው። ከዚህ የምንማረው ዕርቅ አንድ ቀን ብቻ የሚፈጸም እንዳልሆነ ነው። የተበደለ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ የበደለም ጊዜ ያስፈልገዋል። «ታርቀን የለም እንዴ! ለምን ትፈራኛለህ?» ከማለት ይልቅ ደግሞ ማጽናናት ይሻላል።

የሳምንቱ ሥራ፦ የበደላችሁትን አንድ ሰው አስቡ። ያ ሰው ያን ጊዜ ምን እንዳለና ፊቱ እንዴት እንደ ነበረ አስታውሱ። ከዚያ ሄዳችሁ ብቻውን ስታገኙት ይቅርታ ጠይቁት።

አምስተኛው ሳምንት፦ የወደቀች አህያ
ንባብ፦ ዘጸ. 23፥4–5፤ ዘሌ. 19፥17–18

እስካሁን ያነበብነው ታሪክ ነበር። አሁን ሕጉን እንመልከት። ሙሴ በዘጸአት የጠላትህን በሬ ወይም አህያ ጠፍቶ ብታገኘው መልስለት ይላል። የሚጠላህ ሰው አህያ ከጭነቱ በታች ወድቆ ብታየውም ትተኸው አትሂድ፥ ከእርሱ ጋር ሆነህ እርዳው ብሎ ያዝዛል።

ይህ ሕግ ለእኛ አገር የተጻፈ ይመስላል። ከዓለም ከተማ ወደ ለሚ የሚወስደውን መንገድ የምታውቁ የመርሐ ቤቴ ልጆች ወደ ጀማ ወንዝ ያለውን ቍልቍለትና ከወንዙ ማዶ ያለውን ዳገት ታውቃላችሁ። የመንዝና የግሼ ልጆችም የየራሳችሁን ገደል ታውቃላችሁ። በእንዲህ ያለ ዳገት አህያ ከጭነቷ ጋር ከወደቀች አንድ ሰው ብቻውን አያነሣትም። አንዱ ጭነቱን ሲይዝ ሌላው አህያዋን ማንሣት አለበት።

ሕጉን በደንብ ካያችሁት «ጠላትህን በልብህ ውደደውና ከዚያ እርዳው» ብሎ አልጀመረም። በመጀመሪያ እጅህን አንሣ አለ። ልብ ገና ቢያኰርፍም እጅ ሊታዘዝ ይችላል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጭነት ግራና ቀኝ ከቆሙ ደግሞ «ያዝ፤ ቀስ፤ አንሣ» መባባላቸው አይቀርም። ኵርፊያውም በዚያው ይሰበራል። አንዳንድ ጊዜ መልካም ሥራ ከመልካም ስሜት ይቀድማል፤ ስሜቱም ተከትሎ ይመጣል።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔም እንደ እናንተ በዚሁ ደጋ እረኛ ነበርሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ጅራፌ ጠፋብኝ። የጎረቤት ልጅ ወሰደብኝ ብዬ ጠረጠርሁት፤ ሳልጠይቀው አኰረፍሁት። አንድ የገበያ ቀን ዝናቡ ሲጀምር ያ ልጅ ዳገት ላይ ከወደቀች አህያ ጋር ብቻውን ሲታገል አገኘሁት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ግን አልጠራኝም። እኔም በላይ በኩል ዞሬ አለፍሁ። ክረምቱ ሲያልፍ ጅራፌን ከራሳችን ቤት ከገለባ ክምር ሥር አገኘሁት። ያን ጊዜ ሄጄ ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ አፈርሁና ዝም አልሁ። በዓመቱ ቤተ ሰቡ አገር ለቅቀው ሄዱ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ተገናኘን። ሁለታችንም የልጆች አባት ሆነናል። ጅራፉን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅሁት። «የምን ጅራፍ? እኔ አላስታውስም» አለኝ። ዝም አለና «አህያዋን ግን አስታውሳለሁ። ባቄላ ነበር የጫነችው። ረጥቦ ገበያ ሳልደርስ ተመለስሁ፤ አባባም ተቈጡኝ» አለኝ። ከዚያ ትከሻዬን ይዞ ሳመኝ። ይቅር አለኝ፤ እግዚአብሔር ይስጠው። እኔ ግን ዛሬም ዳገት በወጣሁ ቍጥር ያ ልጅ ቀና ብሎ ያየበት ዐይን ይታየኛል። የዮሴፍን ወንድሞች ታሪክ ሳነብ የሌላ ሰው ታሪክ የማይመስለኝ ስለዚህ ነው።

በዘሌዋውያን ያለው ሕግ ደግሞ ወንድምህን በልብህ አትጥላው፥ ጥፋቱን ግን ንገረው ይላል። ሁለቱን አብሮ ማዘዙን አስተውሉ። ብዙ ሰው መናገርን ይፈራና በልቡ ይጠላል። እኔ «ጅራፌን አይተሃል?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ነገሩ ያን ቀን ያልቅ ነበር። ደግሞም ይቅር ማለት በደልን መደበቅ ማለት አይደለም። የሚደበድባችሁ ወይም የሚጐዳችሁ ሰው ካለ ለወላጆቻችሁ፥ ለአስተማሪያችሁ ወይም ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ጥፋት እንዲታረም መናገር ቂም መያዝ አይደለም።

የሳምንቱ ሥራ፦ ያኰረፋችሁትን ሰው በአንድ ሥራ እርዱት፤ ውኃ ቢቀዳ አሸክሙት፥ በግ ቢጠፋበት አብራችሁ ፈልጉ።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ልጆች፥ ቂም ከየት እንደሚጀምር አየን። ከጠቆረ ፊት ይጀምራል፤ ወደ እረኞች ጠብ ይሄዳል፤ ሰላምታን ይነጥቃል፤ ስምን ያጠፋል፤ በመጨረሻ እጅን ያሠራል። በፊት ላይ ሳለ ለማጥፋት አንድ ቃል ይበቃል። እጅ ላይ ከደረሰ ግን 22 ዓመትም ላይበቃው ይችላል።

አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ። ሳል የያዘው ሌባ እንደሚጋለጥ ሁሉ ቂም የያዘም ሰው በጸሎቱ ይጋለጣል። ጌታችንም በወንጌል መባውን በመሠዊያ ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ አስተምሮናል (ማቴ. 5፥23–24)። በቅዳሴም ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ያዝዘናል። በሚመጣው እሑድ ይህን ትእዛዝ ስትሰሙ በአጠገባችሁ ለቆመው ብቻ ራሳችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አትለፉ። ከወንዙ ማዶ፥ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ሰው አስቡ። ከቅዳሴ በኋላም ወደ እርሱ ሂዱ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ቃየል ወንድሙን ከመግደሉ በፊት ምን ምን ምልክት ታየበት? እግዚአብሔርስ ለምን ጠየቀው?
2. በዘፍጥረት 13 መጀመሪያ የተጣሉት እነማን ናቸው? አብራም ጠቡን እንዴት አበረደው?
3. ኀልዮ፥ ነቢብና ገቢር ምን ማለት ነው? ከዮሴፍ ወንድሞች ታሪክ ለእያንዳንዱ ምሳሌ ስጡ።
4. የዮሴፍን ልመና የምናውቀው ከየትኛው ምዕራፍ ነው? ይህስ ስለ ሕሊና ምን ያስተምረናል?
5. የይሁዳ ልብ እንደ ተለወጠ በምን ታወቀ?
6. በአካባቢያችሁ ያሉ አንድ ሽማግሌ ጠይቁና ስለ አንድ ዕርቅ የሰማችሁትን የሰዎቹን ስም ሳትጠሩ በግማሽ ገጽ ጻፉ። ጠቡ ከየት እንደ ተነሣና የቱ ላይ ሊቆም ይችል እንደ ነበረ አሳዩ።

ቂምን ከልባችን አርቆ በፍቅር እንዲያኖረን የአምላካችን ቸርነት፥ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።